ወጣቱ የሚያንኳኳው በር፦ ከሱፋ እስከ ሰፈራችን



ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ከመስጊድ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ የ16 ዓመት የጎረቤት ልጅ ቀረብ አለና፣ «ኡስታዝ፣ የብዙ ወር ሶላት ያመለጠው ሰው ቀዷውን ከየት ይጀምራል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ የሰጡትን ብይን በአጭሩ ነገርኩትና «በርታ ልጄ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌው ሄድኩ። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቱ ቤቴ መጥታ ስታለቅስ ግን ልጁ የጠየቀኝ ስለ ቀዷ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

ልጁ ለወራት እንቅልፍ አጥቷል። ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ እየደረሰ ይመለሳል። ከእህት ወንድሞቹ ጋር ማዕድ መቅረብ ትቷል። አልፎ አልፎም «የእኔ መኖር ለማን ይጠቅማል?» ማለት ጀምሯል። እናት ዝም ብላ አልተቀመጠችም። አንድ ቦታ ብትወስደው ደብዳቤ ይዛችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ኑ ተባሉ። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሰው በተሰበሰበበት «አንተን ምን ጎደለህ?» ተብሎ ተጮኸበት። በሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት «ኢማንህ ቢደክም ነው» ብለው ሸኙት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ከቤት አልወጣም። «ኡስታዝ፣ በር እኮ ሞልቷል፤ ልጄን የሚያስገባው የቱ ነው?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን ጥያቄው አዲስ አለመሆኑን አስተዋልኩ። የኢስላም ታሪክ በአንድ ጎኑ ሲታይ የበሮች ታሪክ ነው። ቤት የሌለው፣ ዘመድ የራቀው፣ ልቡ የከበደው ወጣት የት ገባ? ማንስ ተቀበለው? በሩስ መቼና ለምን ተዘጋ? በዚህ ጽሑፍ ከመዲና ተነስተን ወደ ሰፈራችን በመምጣት ይህንኑ እንመለከታለን።

ፊትን ማንበብ

በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ624፣ ቂብላ ከበይተል መቅዲስ ወደ ካዕባ ሲዞር በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ የኋላ ክፍል ጥላ ያለው ሥፍራ ተዘጋጀ። ሱፋ ይባል ነበር። ወደ መዲና የተሰደዱና የሚጠጉበት ቤተሰብ ወይም ገንዘብ የሌላቸው ሰዎች በዚያ ያድሩ ነበር። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከሱፋ ሰዎች ሰባ ያህሉን እንዳዩና አንዳቸውም ሙሉ ልብስ እንዳልነበራቸው ተርከዋል። ሱፋ መኝታም፣ ማዕድም፣ መማሪያም ነበር። የሚገባበት ሰው ደብዳቤ አይጠየቅም።

አቡ ሁረይራ ራሳቸው ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቡኻሪ በዘገቡት መሠረት አንድ ቀን ረሃብ ቢጸናባቸው ሰዎች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ተቀመጡ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ሲያልፉ ስለ አንዲት የቁርኣን አንቀጽ ጠየቋቸው፤ የጠየቁት ግን አንቀጿ ጠፍታባቸው ሳይሆን ወደ ቤት ይወስዱኛል በሚል ተስፋ ነበር። አቡበክር አለፉ። ቀጥለው ዑመር (ረ.ዐ.) መጡ፤ እርሳቸውንም እንዲሁ ጠየቁ፤ ዑመርም አለፉ። ሁለቱም ታላላቅ ሰሃቦች የተጠየቁት ስለ አንቀጽ ነውና ጥፋት አልነበረባቸውም። ከዚያ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። ገና ሲያዩዋቸው ፈገግ አሉ፤ በፊታቸው ላይ ያለውንና በልባቸው የያዙትን አወቁ፤ ተከተለኝ አሏቸው።

በቤት የተገኘው አንድ ዕቃ ወተት ብቻ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሱፋ ሰዎችን ሁሉ ጥራ ሲሏቸው አቡ ሁረይራ ወተቱ ለእኔ አይተርፍም ብለው አዘኑ። ትእዛዙን ግን ፈጸሙ። በአላህ በረካ ሁሉም ተራ በተራ ጠጥተው ጠገቡ። በመጨረሻ አቡ ሁረይራና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ብቻ ሲቀሩ፣ ነቢዩ ተቀመጥ፣ ጠጣ አሏቸው፤ ወተቱ የሚያልፍበት ቦታ የለኝም እስኪሉ ድረስ ደጋግመው አጠጧቸው። ራሳቸው የጠጡት ከሁሉ በኋላ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ሁልጊዜም የማተኩረው በወተቱ በረካ ላይ ነበር። አሁን ግን መጀመሪያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። የተቸገረ ሰው ችግሩን በስሙ ጠርቶ አይጠይቅም፤ ስለ አንቀጽ ይጠይቃል። ወጣት ሲሆን ደግሞ ይበልጥ እንዲህ ነው። ስለ ቀዷ ይጠይቃል፤ ስለ ሰላምታ አመላለስ ይጠይቃል፤ ስለ ፈተና ውጤት ይጠይቃል። አንቀጹን መመለስ ቀላል ነው። ከባዱ ፊቱን ማንበብ ነው።

ወጣቱ እንደ ወጣት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቶችን የተቀበሉበት መንገድ በብዙ ዘገባዎች ተመዝግቧል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በአሥር ዓመቱ ወደ ቤታቸው ገብቶ አሥር ዓመት ያህል ሲያገለግል አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳላሉት፣ ለምን ይህን ሠራህ ወይም ለምን ይህን ተውክ ብለው እንዳልወቀሱት ተናግሯል።

ኢማሙ አሕመድ ከአቡ ኡማማ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ አንድ ወጣት መጥቶ ዝሙት እንዲፈቀድለት በግልጽ ጠየቀ። ሰዎች ተቆጡ፤ ዝም በል አሉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ወደ እርሳቸው አቀረቡት። ከተቀመጠ በኋላ ይህን ለእናትህ ትወድላታለህን? ለልጅህስ? ለእህትህስ? ለአክስትህስ? እያሉ ጠየቁት፤ ለእያንዳንዱም አልወድም አለ። ሌሎች ሰዎችም ለእናቶቻቸውና ለእህቶቻቸው እንደማይወዱ አስረዱት። ከዚያም እጃቸውን በላዩ ላይ አድርገው ኃጢአቱ እንዲማር፣ ልቡ እንዲጠራና ብልቱ እንዲጠበቅ ዱዓ አደረጉለት። ያ ወጣት ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ነገር እንዳልዞረ ተዘግቧል። ሐራሙ ሐላል አልተደረገለትም፤ ወጣቱም ከደጃፍ አልተባረረም። ብዙዎቻችን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ማድረግ ይሳነናል፤ አንዱን ስንይዝ ሌላው ያመልጠናል።

ማሊክ ኢብኑ ሁወይሪስ (ረ.ዐ.) ደግሞ ከእድሜ እኩዮቻቸው ጋር መዲና መጥተው ሃያ ሌሊት ቆዩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወጣቶቹ ቤተሰባቸውን እንደናፈቁ ተረዱ። ከኋላቸው እነማንን ትተው እንደመጡ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ወደ ቤተሰቦቻችሁ ተመለሱ፣ አስተምሯቸው ብለው ሸኟቸው። ወጣቶቹ ናፈቀን አላሉም። የታወቀላቸው ሳይናገሩ ነው። ልብ እንበል፤ ጥሩ በር ወጣቱን ከወላጆቹ አይነጥቅም፤ ጠግኖ ይመልስላቸዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ዘገባም አለ። ከሐበሻ ስደተኞች መካከል የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ፣ ኡሙ ኻሊድ ተብላ የምትጠራው ልጅ ትገኛለች። በሐበሻ ምድር የልጅነት ዘመኗን አሳልፋ ከወላጆቿ ጋር መዲና ስትደርስ አገሩም ሰዉም አዲስ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለበት ጥቁር ልብስ አለበሷትና ጥለቱን በእጃቸው እየነኩ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቡኻሪ እንደዘገቡት ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው፤ ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ያለው መቀራረብም ግልጽ ነው። ዐረብኛ ለልጅቷ የአባት የእናቷ ቋንቋ ነበር። ያም ሆኖ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጅነቷ በጆሮዋ በገባው ቃል አናገሯት። ዛሬ በሎንዶን፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በጂዳ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። ወላጅ በአማርኛ ይመክራል፤ ልጁ የሚያለቅሰው በሌላ ቋንቋ ነው።

ከተሞችና ወቅፎች

ኢስላም በሰፊ ከተሞች ሲደላደል የአንድ ሰው ደግነት ብቻውን የሚበቃ አልሆነም። ወቅፍ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ባለሀብቱ መሬቱን ወይም ሱቁን ለአላህ ብሎ ይይዘዋል፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ኪራዩ ግን ለተወሰነ በጎ ሥራ ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ1325 ከጣንጃ የተነሳው ኢብኑ ባጡጣ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ቱኒስ ሲደርስ የከተማው ሰው አብረውት የመጡትን መንገደኞች እየወጣ ሲቀበል እርሱን የሚያውቅ አልነበረምና ሰላም ያለው ሰው ጠፋ። ብቸኝነቱ አሸንፎት አለቀሰ። ይህን ያየ አንድ ሐጃጅ ቀርቦ ሰላምታ ሰጠው፤ ከተማው እስኪገቡም እያጫወተ አጽናናው። የዓለምን ግማሽ የዞረው ሰው፣ ታሪኩን ሲያስጽፍ ያቺን ሰላምታ አልረሳትም።

በተከታዩ ዓመት ደማስቆ ደረሰ። በከተማይቱ የነበሩትን የወቅፍ ዓይነቶች ቆጥሮ አልጨረሳቸውም፤ ሐጅ ለማይችሉ፣ ለድሆች ልጃገረዶች መዳሪያ፣ ለመንገደኞች ስንቅ፣ ለመንገድ መጠገኛ። አንድ ቀን በአንድ ጠባብ መንገድ ሲያልፍ አንድ ትንሽ ባሪያ የቻይና ሸክላ ሳሕን ከእጁ ወድቆ ሲሰበር አየ። ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዱ ስብርባሪውን ልቀምና ወደ ዕቃ ወቅፉ ኃላፊ ውሰደው አለው፤ ራሱም አብሮት ሄደ። ኃላፊው ስብርባሪውን አይቶ የሌላ ሳሕን መግዣ ሰጠው። ልጁ እንዲያ ባይሆን ኖሮ ከጌታው ዱላ ወይም ቁጣ አያመልጥም ነበር። ኢብኑ ባጡጣም ይህን ወቅፍ የልብ መጠገኛ አድርጎ ያወሳዋል። ልጁ ወቅፉ መኖሩን አላወቀም ነበር። ያዳነው የወቅፉ መኖር ብቻ አልነበረም፤ በመንገድ ላይ ያገኘው፣ ወቅፉን የሚያውቅና አብሮት የሄደው ሰው ጭምር እንጂ።

ጥበበኞቹም የልብን ሕመም አልናቁም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ሰውነት እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም አብራርተዋል። ሐዘንን ለሁለት ከፍለው አንዱ ምክንያቱ የታወቀ፣ ሌላው ሰውየው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀው መሆኑን፣ ይኸኛው ከሰውነት ጋር ተያይዞ ሕክምና እንደሚያሻው ጽፈዋል። በካይሮ ሱልጣን ቀላውን እ.ኤ.አ. በ1284 ያሠራው ቢማሪስታን ለወንድም ለሴትም፣ ለሀብታምም ለድሃም፣ ለአገሬውም ለእንግዳውም ክፍት ነበር፤ የአእምሮ ሕሙማንም የተለየ ሥፍራ ነበራቸው። እንግዲህ «ሙስሊም አይጨነቅም» የሚለው አባባል ከየት መጣ? ከቀደምት ዑለማዎችና ሐኪሞች እንዳልመጣ እርግጥ ነው።

በሩ የሚዘጋበት እድሜ

ታሪክን ስናወሳ ጉድለቱንም መናገር አማና ነው። በማምሉኮች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1250 እስከ 1517፣ በካይሮ ብዙ የየቲም መማሪያዎች ተሠርተዋል። ብዙውን ጊዜ ከታች መንገደኛ ውኃ የሚጠጣበት ሰቢል፣ ከላይ የቲሞች ቁርኣን የሚማሩበት ክፍል ይሆናል። የወቅፍ ሰነዶቹ የዳቦውን መጠን፣ የልብሱን ዓይነት፣ የመምህሩን ደመወዝ ሳይቀር ይወስናሉ። ነገር ግን በብዙዎቹ ሰነዶች ላይ አንድ አንቀጽ ይገኛል፤ ልጁ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ቦታውን ለሌላ ታናሽ ይለቃል የሚል። ቁርኣኑን ለመጨረስ ጥቂት የቀረው ብቻ አንዳንድ ጊዜ ይታለፋል።

ሐሳቡ ምክንያት አለው። በሸሪዓ የቲምነት የሚያበቃው በቡሉግ ነው፤ ቦታውም ጠባብ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ እጀ ጥበብ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተምሯል፤ አንዳንዱም ወደ መድረሳ አልፏል። የተቀረው ግን በዚያው በአሥራ አራት በአሥራ አምስት ዓመቱ ደረጃውን ወርዶ ከገበያው መሐል ቆሟል። ድምፁ ሲጎረንን፣ ሐሳቡ ሲበዛ፣ ጥያቄው ሲከብድ፣ ያኔ በሩ ይዘጋበታል።

ይህ የካይሮ ነገር ብቻ ነውን? ወደ ራሳችን እንመለስ። ልጅ ሳለ በመድረሳችን አሊፍ ባ እንዲቀራ እናደርገዋለን፤ ሲያኸትም ድግስ እንደግሳለን። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ግን የመድረሳው አግዳሚ ያጥረዋል። ከአባቶች ሶፍ ቢቆም ልጅ ነህ ይባላል፤ ከልጆች ጋር ቢቀመጥ ትልቅ ሆነህ ይባላል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከዚያ በፊትም ቦታዋ ጠባብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ይጠፋል። በታሪካችን ሴቶች ሐዲስ ያስተማሩበት፣ ወቅፍ ያቋቋሙበት ዘመን አለ፤ በየመማሪያው ማደሪያና ቀለብ ያገኙ የነበሩት ግን በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ይህን ጉድለት ከአያቶቻችን ጋር ሳንጣላ ልንሞላው እንችላለን።

የጀበርት ሪዋቅና የወሎ ደረሳ

በአዝሀር መስጊድ ዙሪያ ሪዋቅ የሚባሉ የተማሪ ማደሪያዎች ነበሩ፤ የመግሪብ፣ የሻም፣ የቱርክ እየተባሉ በየአገሩ ይለያሉ። ከነዚህም አንዱ ከሐበሻና ከዘይላዕ በኩል የሚመጡ ተማሪዎች የሚያርፉበት የጀበርት ሪዋቅ ነበር። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ሰባተኛ አያታቸው በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጀበርት ምድር ወጥተው፣ በጂዳና በመካ አልፈው ካይሮ እንደደረሱና የሪዋቁ ሸኽ እንደሆኑ ጽፈዋል። የሪዋቁ ሸኽነትም በቤተሰቡ ዘልቋል።

አንድ ወጣት ከአገሩ ወጥቶ፣ በረሃና ባሕር ተሻግሮ፣ ቋንቋው ሳይጠራ ከዚያ ትልቅ ከተማ ሲደርስ፣ የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሽማግሌ በር ላይ ያገኘዋል። ዳቦው የተቆረጠ ነው፤ መኝታው የታወቀ ነው፤ ከሁሉም በላይ ከየት እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በአገራችንም ቢሆን ወሎ ውስጥ እነ ጃማ ንጉሥ፣ እነ ጌታ፣ እነ ዳና ከሩቅ የሚመጡ ደረሶችን ለትውልድ ተቀብለዋል። ደረሳው በአፍላ እድሜው ከወላጆቹ ተለይቶ ይመጣል። ሸኹ ያቀሩታል፤ ባላገሩ ካለው ያካፍለዋል፤ እርሱም በእርሻው፣ በእንጨቱ፣ በውኃው ያግዛል። በሐረርም አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በሠርግና በሐዘን ሰውን ከሰው ሲያገናኝ ኖሯል። ፍጹም ነበሩ ማለት አይደለም፤ ረሃብም፣ በሽታም፣ ከባድ ቅጣትም ነበረባቸው። ቢሆንም አንድ ወጣት «የማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ነበረው።

ምን ዘጋው?

እነዚህ በሮች በአንድ ቀን አልተዘጉም። በግብፅ ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የወቅፍ መሬቶችን ወደ መንግሥት እጅ አዞረ። በአገራችን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ቀጥሎም በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ከመሬትና ከኪራይ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደር በጎ ሥራ ሁሉ ምንጩ ደረቀ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከመስጊዱ ተለየ። ሰው ወደ ከተማ ፈለሰ። በከተማ ጎረቤት ጎረቤቱን በስም አያውቅም።

እድራችን አልሞተም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ አለ። ነገር ግን እድር የሚደርሰው ለሞተ ነው። ልጄ ሞተ ብንል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ላይ ይገኛል። ልጄ ሊሞት ነው፣ መኖር አስጠላው ብንልስ ማን ይመጣል? ጎረቤቴ ለዚህ ነበር ብቻዋን በሦስት በሮች የተንከራተተችው።

በሩን እንዴት እንለየዋለን?

ተስፋ የሚቆረጥበት ምክንያት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በሎንዶን ወጣት ሙስሊሞች ራሳቸው ተነስተው ለእኩዮቻቸው የሙስሊም ወጣቶች የስልክ ምክር አገልግሎት መሥርተዋል። ደዋዩ ስሙን መናገር አይገደድም፤ የሚያዳምጠውም ሃይማኖቱንና የቤቱን ወግ የሚያውቅ ወጣት ነው። ይህ በአዲስ መሣሪያ የተሠራ ሪዋቅ ነው ብንል አላጋነንንም።

በአገራችንም በየአካባቢው ያለውን ብንቆጥር ብዙ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች ምቹ እንዲሆን የታሰበ አገልግሎት ይሰጣሉ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ያገለግላሉ። በብዙ ወረዳዎች የወጣት ማዕከላትና የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተከፍተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት ሰው 14 ዓመት ሳይሞላው ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ ልጅ ነው፣ ያልፍለታል» ብሎ መቆየት አደጋ አለው። በተለይ ልጁ መኖር ጠላሁ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። ይህ የኢማን ጉድለት ማረጋገጫ አይደለም፤ አማናን መወጣት ነው።

ሁሉም በር ግን እኩል አይደለም። ከታሪካችን የምንማራቸው መመዘኛዎች እነሆ። ልጅህን ከመውሰድህ በፊት ብቻህን ሄደህ ተመልከት፤ አንቺም እናት ሆይ፣ እንዲሁ አድርጊ።

አንደኛ፦ በሩ ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ ፊት ያያል ወይስ ወረቀት? ሁለተኛ፦ ልጁ የሚናገረውን ለብቻው የሚሰማ፣ ምስጢሩን የሚጠብቅ አለ? የወንድሙን ነውር የሸፈነን አላህ እንደሚሸፍንለት ተምረናልና። ሦስተኛ፦ ልጁ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል? አራተኛ፦ ሃይማኖቱን አያናንቁበትም? ሶላት ልስገድ ቢል፣ እኅታችን በሒጃቧ ብትገባ፣ በአክብሮት ያያሉ? አምስተኛ፦ ለሴት ልጅ ሴት የምትሰማት አለች? ስድስተኛ፦ ወላጅን ጠላት አያደርጉም? እንደነ ማሊክ ኢብኑ ሁወይሪስ ጠግነው ወደ ቤቱ ይመልሱታል? ችግሩ ከቤት ውስጥ ከሆነ ግን፣ ልጁ በቤቱ እየተጎዳ ከሆነ፣ ከማንም በፊት ለእርሱ ይቆማሉ? ይህን ስድስተኛውን መመዘኛ ስንሰማ እኛ ወላጆች ቅር ሊለን ይችላል፤ በደል ግን ወላጅ ስለፈጸመው ፍትሕ አይሆንም።

የመስጊዶቻችን ኮሚቴዎችስ? ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየሰፈሩ ያሉትን አገልግሎቶች ዞሮ አይቶ በአንድ ወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ በየስድስት ወሩም የሚያድስ ሰው ይመደብ። የተመረጡ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት፣ በእድሜ ለወጣቶቹ የቀረቡ፣ ምስጢር የሚችሉ፣ ስማቸው ለሁሉም ይነገር። ሥራቸው ማከም አይደለም፤ ሐኪም አይደሉምና። ሥራቸው በደማስቆ ጎዳና ላይ ያ ሰው ያደረገው ነው፦ በሩን ማወቅና አብሮ መሄድ።

ማጠቃለያ

ያቺን እናት በማግሥቱ ይዣት ወጣሁ። መጀመሪያ ሁለታችን ብቻ ሄደን ሁለት ቦታ አየን። በአንዱ፣ ከሰፈራችን ሃያ ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ ጤና ጣቢያ፣ አንዲት ነርስ ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችን። «ልጁ ራሱ መምጣት ከፈለገ ጠዋት ሰው ሳይበዛ አምጡት፤ ካልፈለገም እናንተ ተመላልሳችሁ አማክሩኝ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከደገመ ግን ሌሊትም ቢሆን አትቆዩ» አለች። የልጁን ስም ጠይቃ በእጇ ላይ ጻፈችው።

ሌሊቱን እናቱና አጎቱ ተራ ገብተው አጠገቡ አደሩ። በማግሥቱ ጠዋት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ነርሷ በስሙ ጠራችው። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው ወረቀት ተጻፈለት። ሕክምናው ወራት ወስዷል፤ አሁንም አልተጠናቀቀም። ክፉ ቀን አለው፤ ደህና ቀንም አለው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ተመልሷል።

በቅርቡ ከዐስር በኋላ፣ እንደ ያኔው ጫማዬን ሳጠልቅ መጣ። «ኡስታዝ፣ ውዱእ ላይ ጥርጣሬ የሚበዛበት ሰው ምን ያድርግ?» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ጫማዬን መልሼ አወለቅሁና «ና፣ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አልኩት። ስለ ውዱእ የተነጋገርነው በመጨረሻ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ከልጆቻችን ፊት የሚያነቡ ዓይኖች ይስጠን። ቤቶቻችንን፣ መስጊዶቻችንንና ሰፈሮቻችንን ለተጨነቀ ወጣት ክፍት በሮች ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።